የ5ኤል ሃይስ ዕቃ ከጅቡቲ ይሻላል ወይስ ከዱባይ? ስሌቱን የምታውቁ

ባለ ሃይስ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናው ቶዮታ ሃይስ ነው፤ ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ፣ ሥራው ደሴ–ኮምቦልቻ ምልልስ። አንድ ላይ መቀየር ያለባቸው ዕቃዎች፦ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ከነቡሎኑ፣ የታይሚንግ ቺንጋ ከነመወጠሪያ ኩሽኔታው፣ የፊት ፓድ፣ የኋላ የፍሬን ሸራ፣ አራት አሞርዛተር፣ የፍሪሲዮን ዲስክና ፕሬዠር፣ አንድ የፊት መብራት። ፒያሳ ያሉት ሱቆች የሚጠሩት ዋጋ አልቀመስ ብሏል። በባቲ በኩል "ከጅቡቲ እናስመጣልሃለን" የሚሉ አሉ፤ ዱባይ የሚመላለስ ዘመድም አለ። የቱ ያዋጣል? ምኑን ላስመጣ፣ ምኑን እዚሁ ልግዛ? ቀረጡስ እንዴት ነው የሚሰላው?

ጋራዥ (ኮምቦልቻ)፦

ወንድሜ፣ ከየት ልግዛ ከማለትህ በፊት ቁጥሩን ያዝ። ፒያሳ የገዛኸው ዕቃ አልገጥም ቢል ከሰዓት ወስደህ ትለውጠዋለህ። ዱባይ፣ ዴይራ ገበያ የተገዛ ዕቃ አልገጥም ካለ ግን ብሩም ዕቃውም እዚያው ቀረ ማለት ነው።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ገልብጠህ አትላክ፤ ሲጻፍ ፊደል የተሳሳተበት ሊብሬ ብዙ ነው። መኪናው ላይ ያለችውን ሳህን ጠርገህ ፎቶ አንሳ፤ የሞዴል ኮዱም ሻንሲውም እዚያ ላይ ነው። ሻንሲው 17 ፊደልና ቁጥር ከሆነ ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው። አጭር ሆኖ መሀሉ ላይ ሰረዝ ካለው ደግሞ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው፤ ዱባይ ያለ ሻጭ በባሕረ ሰላጤው ካታሎግ ከፈለገልህ የተሳሳተ ዕቃ ነው የሚሰጥህ። ቪትዝ ያላቸው ሰዎች በዚህ ሁልጊዜ ይቸገራሉ። ዱባይ "ያሪስ ነው፣ ያው ነው" ተብሎ የተገዛው ዕቃ ሞተሩ ሌላ ስለሆነ አይገባም።

የቶዮታ ፓርት ነምበር አሥር አኃዝ ነው፣ አምስት በአምስት ተከፍሎ የሚጻፍ። የመጀመሪያው አምስት የዕቃውን ዓይነት ይነግርሃል፦ 04465 የፊት ፓድ፣ 04495 የኋላ ሸራ፣ 13568 ታይሚንግ ቺንጋ፣ 31250 የፍሪሲዮን ዲስክ፣ 31210 ፕሬዠር፣ 11115 የቴስታታ ጓርኒሲዮን። ሁለተኛው አምስት ለየትኛው መኪናና ሞተር እንደሆነ ይለያል። ሻጩ ሁለተኛውን አምስት ካልነገረህ ዋጋ አትስማማ።

ጓርኒሲዮኑን በተለየ ልንገርህ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የ5ኤል ጓርኒሲዮን በውፍረት ሦስት ዓይነት ነው፤ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ የሚል ምልክት አለው። ልዩነታቸው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው፣ በዓይን አትለየውም። የትኛው እንደሚገባ የሚወሰነው ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ከብሎኩ ወለል ስንት ከፍ እንደሚል በዲያል ጌጅ ተለክቶ ነው። ቀጭኑ ያለቦታው ከገባ ፒስተኑ ቫልቩን ይጠጋዋል፣ ሊመታውም ይችላል። ወፍራሙ ከገባ ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ጠዋት ላይ ሞተሩ ጭስ እያጨሰ አልነሳም ይልሃል። ስለዚህ ቴስታታው ሳይወርድ ጓርኒሲዮን አትዘዝ። አሮጌው ላይ ያለውን ምልክት አንብብ፣ ግን እሱን ብቻ አትመን፤ ቀድሞ የገጠመው ሰው ሳይለካ ገጥሞት ሊሆን ይችላል። ቡሎኖቹ በማዕዘን ዞረው የሚጠብቁ ስለሆኑ ይሳባሉ፤ አዲስ አብረህ ማዘዝህ ትክክል ነው።

ለፍሪሲዮኑ የአሮጌውን ዲስክ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ለካ፣ የመሀሉን ጥርስ ቁጠር፣ ሁለቱንም ከፎቶው ጋር ላክ።

ፍሬን ላይ ግን ርካሽ አትፈልግ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሰው ጭኖ መውረድ ቀልድ አይደለም። ኮፒ ፓድ ሲግል ፊቱ ይንጸባረቃል፣ ፔዳሉን ብትረግጥም አይዝም። የባሰው ደግሞ ማጣበቂያው ለቆ ሸራው ከብረቱ ይላቀቃል። የኋላውን ሸራ ማስመጣት አያስፈልግህም፤ ብረቱ ደህና ከሆነ ጥሩ ሸራ አስለጥፈህ ትሠራበታለህ። የፊቱን ፓድ ግን ኦርጅናል አድርገው።

ትራንዚተር (ኮምቦልቻ)፦

ስለ ቀረጡ። ስሌቱ የሚነሳው ከዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ዋጋ፣ ኢንሹራንስና ማጓጓዣ ተደምሮ ነው፣ ሲአይኤፍ የምንለው። ስለዚህ በአውሮፕላን ስታስመጣ የከፈልከው የጭነት ገንዘብ ራሱ ይቀረጣል። ይህን ሳያስቡ "በቶሎ ይድረስልኝ" የሚሉ ሰዎች ሁለት ጊዜ ነው የሚከፍሉት።

ምሳሌ ልስጥህ። ሲአይኤፉ 10,000 ብር ይሁን፣ የዕቃው የጉምሩክ ቀረጥ 20 ከመቶ ነው እንበል፣ ኤክሳይስ የለበትም። ቀረጡ 2,000 ብር። ቫት 15 ከመቶ የሚሰላው በ12,000 ላይ ነው፣ 1,800። ሱር ታክስ 10 ከመቶ የሚሰላው ቫቱም ተጨምሮ በ13,800 ላይ ነው፣ 1,380። ቅድመ ግብር 3 ከመቶ በሲአይኤፉ ላይ፣ 300። ሶሻል ዌልፌር ሌቪ የሚባለውም 3 ከመቶ በሲአይኤፉ ላይ፣ 300። በጠቅላላው 5,780 ብር፤ እጅህ ሲገባ ዕቃው 15,780 ሆነ ማለት ነው። የትራንዚተርና የመጋዘን ገና አልተነካም። ነጋዴ ከሆንክና ለቫት ከተመዘገብክ ቫቱ ይካካስልሃል፣ ቅድመ ግብሩም ከዓመቱ ግብር ይቀነሳል። ለግልህ ከሆነ ሁሉም ወጪ ነው።

ሌላው ኤችኤስ ኮድ ነው፣ ዕቃው በዓይነቱ ለቀረጥ የሚመደብበት ቁጥር። "የመኪና ዕቃ" ተብሎ ሁሉም 8708 ውስጥ መከተት የለበትም። የፍሬን ዕቃ፣ ፍሪሲዮንና አሞርዛተር እዚያ ውስጥ ናቸው። ኩሽኔታ ግን 8482 ነው፣ የጎማ ቺንጋ 4010፣ የዘይት ፊልትሮ 8421፣ የጓርኒሲዮን ስብስብ 8484። ምጣኔያቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ኢንቮይሱ ላይ "አውቶ ስፔር ፓርት፣ 1 ካርቶን" ብሎ ከተጻፈ መለየት አይቻልም፤ ፍተሻውም ይረዝማል። ሻጩ እያንዳንዱን ዕቃ በስም፣ በፓርት ነምበር፣ በብዛትና በነጠላ ዋጋ ይዘርዝርልህ። ኢንቮይሱን አሳንሶ ማጻፍም አይጠቅምም። ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው፣ ያነሰ መስሎ ከታየው በራሱ ዋጋ ያሰላዋል፣ እስኪጣራ ድረስ ደግሞ የመጋዘኑ ይቆጥራል።

ዘመድህ በሻንጣ ቢያመጣው፣ ለአንድ መኪና የሚሆን ብዛት ከነደረሰኙ ይዞ ኤርፖርት ላይ ያስመዝግብ። አሥር ስብስብ ፓድ ካመጣ ግን የንግድ ዕቃ ነው፤ የንግድ ፈቃድና የባንክ ሰነድ ይጠየቃል።

ባለ ሃይስ (ደሴ)፦

አላህ ይስጣችሁ፣ ለካ ያለ ቁጥር ነበር ዋጋ ሳፈላልግ የነበረው። በባቲ በኩል የሚመጣውስ? ያለ ቀረጥ ስለሆነ ከሁሉም ይረክሳል እያሉኝ ነው።

ትራንዚተር (ኮምቦልቻ)፦

አትንካው። በአዋጅ ቁጥር 859/2006 ኮንትሮባንድ በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፣ ዕቃው ይወረሳል፣ ያጓጓዘው መኪናም ለመወረስ ይጋለጣል። ሚሌ ላይ ፍተሻ አለ፣ ከዚያ ወዲህም አለ። ሃይስህን ለፓድ ብለህ አደጋ ላይ አትጣለው። ቀብድ ከሰጠህ በኋላ "ተያዘብን" ቢሉህ እውነት ይሁን ውሸት የምታጣራበት መንገድ የለህም፣ ከሰህ የምታስመልስበትም ሰነድ የለህም።

ዕቃ ነጋዴ (ደሴ)፦

እኔም የምጨምረው አለኝ። በመጀመሪያ ጅቡቲ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የቶዮታ ዕቃ አብዛኛው ከዱባይ የመጣ ነው፤ የአንድ ተጨማሪ ነጋዴ ትርፍ ተጭኖበታል። ጅቡቲ የሚያዋጣው የወደቡ መንገድ እንጂ የችርቻሮ ሱቁ አይደለም። ለማወዳደር ሁሉንም ወደ ዶላር መልሰው። የጅቡቲ ፍራንክ በ177.721፣ ድርሃሙ በ3.6725 ከዶላር ጋር የተቆረጠ ነው፣ አይዋዥቅም። ጅቡቲ 8,000 ፍራንክ ያሉህ ዕቃ 45 ዶላር ነው። እሱኑ ዱባይ 120 ድርሃም ካሉህ 33 ዶላር አይሞላም። የዱባዩ ዋጋ 5 ከመቶ ቫት ይኑርበት አይኑርበት ጠይቅ።

የሚያዋጣው ትንሽ ሆኖ ውድ የሆነ ዕቃ ነው። የአየር ጭነት የሚከፈለው በሚዛን ወይም በመጠን ነው፣ ከሁለቱ በሚበልጠው። የመጠኑ ስሌት ርዝመት በወርድ በከፍታ በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ6,000 ሲካፈል ነው። የፊት መብራት ካርቶኑ 60 በ40 በ40 ቢሆን 16 ኪሎ ይቆጠርብሃል፣ መብራቱ ግን አራት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መብራቱን እዚሁ ፈልግ። አሞርዛተሩንም እዚሁ፤ ከባድ ነው፣ ጋዝ ያለው ከሆነ ደግሞ አየር መንገድ ሊከለክለው ይችላል። ለዘመድህ የምትልከው ጓርኒሲዮንና ቡሎን፣ ቺንጋና ኩሽኔታ፣ የፊት ፓድ ነው። ፕሬዠሩ ይከብዳል፤ የኪሎውን ዋጋ ከዚህ ዋጋ ልዩነት ጋር አስልተህ ወስን።

የቶዮታ ካርቶን ያለው ብቻ አይደለም ኦርጅናል። ፍሪሲዮን አይሲን፣ አሞርዛተር ካያባ፣ ኩሽኔታ ኮዮ ወይም ኤንኤስኬ ብትገዛ ጥራቱ የታወቀ ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል። ኮፒ የሚበዛውም ግን በእነዚሁ ስሞች ነው። ሻጩ ዕቃውን ከካርቶን አውጥቶ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ ቀርቦ ፎቶ ያንሳ። ኩሽኔታ ከሆነ ጽሑፉ ብረቱ ላይ ስስና ጥርት ብሎ የተቀረጸ መሆን አለበት፤ በጥፍር የሚፋቅ ቀለም ከሆነ ተወው።

ስለ አስተሻሸግ ደግሞ፦ ጓርኒሲዮኑ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሀል ገብቶ፣ ሳይታጠፍ ሻንጣው ወለል ላይ ይተኛ። አንዴ ከተጣጠፈ በዚያው መስመር ውኃ ወይም ጋዝ ያሳልፋል። ቺንጋው በስሱ ተጠቅልሎ ከነካርቶኑ ይምጣ። ቦታ ለመቆጠብ ብለው በኃይል ካጠፉት የውስጡ ክር ይሰበራል፣ ከውጭ አይታይም። 100 ሺህ ኪሎ ሜትር መሄድ የሚገባው ቺንጋ መንገድ ላይ ተበጥሶ ቫልቮቹን ከፒስተን ጋር ያጋጫል።

ብዙ ሃይስ ያላችሁ ሰዎች ከተስማማችሁ ከሁሉ የሚሻለው አብሮ ማዘዝ ነው። ዝርዝራችሁን ሰብስባችሁ ፈቃድ ላለው አስመጪ ስጡ፣ በኮንቴይነሩ ላይ ይጨምረው። በባሕር ሲመጣ አሞርዛተሩም ፕሬዠሩም ያዋጣል። ነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያሉትን መኪኖች ማቆየት ግድ ሆኗል፤ አስመጪዎቹም የ5ኤል ዕቃ ይፈልጋሉ። ኮንቴይነሩ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ እንዲያርፍ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ መጻፍ አለበት። ሞጆ ከተባለ ዕቃችሁ በጋላፊና በሚሌ መጥቶ እኛን ትቶ ያልፍና፣ ከሞጆ መልሳችሁ ታስጭናላችሁ።

ጋራዥ (ኮምቦልቻ)፦

መብራቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህም ሆነ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ስትገዛ መሪው በቀኝ ከሆነ የጃፓን መኪና የተፈታ እንዳይሆን። እግሩም ቀዳዳውም ልክ ይገጥማል፣ ግን ዝቅ ያለው መብራት ወደ ግራ ከፍ ብሎ ይወረወራል፣ ማለትም ከፊትህ የሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ። ከመክፈልህ በፊት ከባትሪ ጋር አገናኝተህ ግድግዳ ላይ አብራው፤ የብርሃኑ ጠርዝ ከፍ የሚለው በቀኝ በኩል መሆን አለበት።