የጋራ ፕሮፖዛላችን ረቂቅ፦ አንድ ፔኒ፣ ስንት ቀይ?

ጸሐፊ
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው «የቴምብር ቀለምና የኅትመት ልዩነቶች የጋራ መዝገብ እናዘጋጅ» ብለን ተስማምተን ተለያየን። ረቂቁን ልጽፍ ስቀመጥ ነው የነቃሁት። የየትኛውን ቴምብር? እሱን አልተነጋገርንም። የሁሉንም ካልን ዕድሜያችን አይበቃም። በአንድ ቴምብር እንጀምር ባይ ነኝ። የእኔ ምርጫ በ1881 የወጣው የእንግሊዝ ሐምራዊ አንድ ፔኒ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ነው የምጽፈው)። በቢሊዮን ታትሟል፣ የማንም አልበም ውስጥ አይጠፋም። ልዩነቱንም ጀማሪ ያየዋል፦ መጀመሪያ የወጣው በየማዕዘኑ 14 ነጥብ አለው፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የተተካው 16። ምን ትላላችሁ?

አዲስ አባል
ቆጠርኩ። ያሉኝ አሥራ አንዱም ባለ 16 ናቸው፣ ዕድሌ ነው። ቀለማቸው ግን ጭራሽ አይገናኝም። አንዱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ አንዱ ነጥቷል። እነዚህን እንደ ልዩ ልዩ ቀለም ልመዝግባቸው?

አንጋፋ አባል
ቆይ፣ እንዳትመዘግብ! ያ ሐምራዊ ውሃ አይችልም። ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው። ማኅተሙን አጥቦ ቴምብሩን ደግሞ ልጠቀምበት ያለ ሰው ቀለሙም አብሮ እንዲለቅበት ነው። ስለዚህ ከፖስታው ለማላቀቅ ውሃ ውስጥ የከረመ ሁሉ የራሱን «አዲስ ቀለም» ይዞ ይወጣል። ለነጥብ ቆጠራ ግሩም ነው፣ ለቀለም ግን ጉድ ይሠራችኋል።

እኔን ያየ ይቀጣ። ወጣት ሳለሁ አንድ ነጋዴ ሌላ ቴምብር «ይሄ ብርቅ ቡኒ ነው» ብሎ ሸጠልኝ። ስንት ዓመት ስኩራራበት ኖርኩ። በኋላ አንድ ወዳጄ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጥግ ላይ ነካ አደረገበት። ዓይኔ እያየ ጥጉ ብርቱካንማ ሆነ። ቀለሙ ውስጥ የነበረው እርሳስ አየር ላይ ካለ ሰልፈር ጋር ተገናኝቶ ጠቁሮ ኖሯል። ብርቅ ያልኩት ዝገት ነው በሉት።

ጸሐፊ
ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ካሉ ሐምራዊውን ትቼዋለሁ። ታዲያ የቱ ይሻላል?

አንጋፋ አባል
የእንግሊዙ ንጉሥ የጆርጅ 5ኛ ቀይ አንድ ፔኒ፣ ከ1912 እስከ 1924 የቆየው። ምክንያቴን ልንገራችሁ። እንግሊዝ ማቅለሚያ ኬሚካል በብዛት የምታገኘው ከጀርመን ነበር። በ1914 ጦርነቱ ሲነሳ ያ በር ተዘጋ። አታሚዎቹ ባገኙት ነገር ቀይ ማውጣት ነበረባቸው። አንዱ ቀይ እንደ ደም፣ አንዱ እንደ ጡብ፣ አንዱ ወደ ጽጌረዳ ያደላ ሆነ። ቴምብሩ ግን ያው ነው። እንደዚህ ያለ ነገር የት ይገኛል?

ደግሞ በቀን ይያዛል። ማኅተሙ የሚነበብ ፖስታ ካገኛችሁ ያ ቀይ ቢያንስ በዚያ ቀን እንደነበረ አወቃችሁ። እስከ ጁን 1918 ተራ ደብዳቤ በአንድ ፔኒ ይላክ ነበር፣ ከዚያ አንድ ተኩል ሆነ። በዚያው ቀን የፖስት ካርዱ ዋጋ ወደ አንድ ፔኒ ከፍ አለ። ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለውን ደብዳቤ ላይ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ፖስት ካርድ ላይ ፈልጉ።

ገንዘብ ያዥ
እኔን የከበደኝ ስሙ ነው። ካታሎጉ ስካርሌት፣ ቨርሚሊየን፣ ካርሚን እያለ ይደረድራል። እኔ ዘንድ ሁሉም ቀይ ነው። አንዳችን ካርሚን ያልነውን ሌላው ስካርሌት ካለው መዝገቡ ምን ይረባል? ደግሞ መብራት፣ ስካነር ምናምን እያላችሁ ኪሳችንን እንዳታራግፉት።

ጸሐፊ
እህቴ፣ ልክ ነሽ። ስሙ መጨረሻ ላይ ይምጣ። መጀመሪያ በቀን የታወቁትን ፖስታዎች በተራ እንደርድር፣ ከዚያ እያየን እንሰይማለን። ስም ይዘን ቴምብር ፍለጋ ከሄድን የፈለግነውን ነው የምናየው።

ስለ መብራት፦ ትናንት ማታ ሁለት ቀይ ቴምብሮች በቤቴ ቢጫ አምፖል ሥር መንታ መሰሉኝ። ጠዋት መስኮት አጠገብ ሳያቸው አንዱ በግልጽ ወደ ብርቱካን ያዘነብላል። ስለዚህ ሁላችንም 6500 ኬልቪን የተጻፈበት (ብርሃኑ የቀን ብርሃን የሚመስል) አንድ ዓይነት አምፖል እንያዝ። የቀረው ወጪ የለውም። ግራጫ ካርቶን ላይ ሁለት ቀዳዳ አበጅታችሁ ቴምብሮቹን በዚያ ብቻ እዩ፣ ዙሪያው ያለ ቀለም ዓይን ያታልላል። ስካን ስታደርጉ ስካነሩ በራሱ ቀለም የሚያስተካክልበትን ነገር አጥፉት። ያ ነገር የሁሉንም ቀይ አንድ ያደርግላችኋል!

አዲስ አባል
ስለ ኅትመት ልዩነቱስ? አንዱ ቴምብሬ የንጉሡ ጢም ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ተገኘ ማለት ነው?

አንጋፋ አባል
አቧራ ይሆናል። አቧራ በአንዱ ሉህ ላይ ይመጣና በሚቀጥለው ይጠፋል። ፕሌቱ ራሱ፣ ማለትም ቴምብሩ የሚታተምበት የብረት ሳህን፣ ከተጎዳ ግን ጉድለቱ ሉህ በሉህ እዚያው ቦታ ይደገማል። ስለዚህ ያንኑ ጉድለት የያዘ ሁለተኛ ቴምብር ሳይገኝ መዝገብ ውስጥ አይግባ። የዚህ የአንድ ፔኒ ዝነኛ ጉድለት ታች በእንግሊዝኛ «አንድ» ከሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ነው። ክቡ ፊደል ጭራ አውጥቶ ሌላ ፊደል መስሏል። በማጉያ እሱን ፈልግ። ደግሞ የመስመሮቹ ዳር ላይ ቀለም ተጠራቅሞ ብታይ አትደንግጥ፣ ፕሌቱ ወረቀቱን ሲጫን ቀለሙ ወደ ዳር ስለሚሸሽ ነው።

ገንዘብ ያዥ
አምፖሉን አጽድቄያለሁ። ፐርኦክሳይድ ግን አንገዛም፣ በማኅበሩ ቴምብር ላይ ማንም እንዲሞክር አልፈልግም።

ጸሐፊ
ረቂቁን አስተካክያለሁ። «ጆርጅ 5ኛ፣ ቀይ አንድ ፔኒ፣ ቀኑ የሚነበብ ማኅተም ያለበት ብቻ፤ ጉድለት ከሆነ ሁለት ቅጂ» ይላል። የሐምራዊው ነጥብ ቆጠራ ለጀማሪዎች መለማመጃ ሆኖ በአባሪ ገብቷል። አሁን የጎደለን ከ1914 እስከ 1918 ያለ ፖስታ ነው። ማን ጋ አለ?

አንጋፋ አባል
እኔ ጋ ከ1916 ሦስት አሉ። አመጣቸዋለሁ፣ ማንም ግን ቴምብሩን እንዳይነቅልብኝ።