ቤዙ ሄድፎን ላይ ያንቀጠቅጣል፣ ታክሲ ውስጥ ግን የለም

የገርጂው ቢት ሠሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር አድክሞኛል።

ቪታል በሚባለው የኮምፒውተር ሲንተሳይዘር (ሲንት) ላይ፣ ነፃው ላይ፣ ሰብ ቤዝ፣ ማለትም ከሁሉ የወረደውን ቤዝ እየሠራሁ ነው። ዘፈኑ ከሲ የሚነሳ ትዝታ ሜጀር ነው። ከላይ ጓደኛዬ የተጫወተው ማሲንቆ አለ፤ ተቀድቶ አልቋል። ከሥሩ መሬት የሚነቀንቅ ቤዝ ፈለግሁ። ሶው ዌቭ የሚባለውን ሻካራ ሞገድ ወሰድኩ፣ ዩኒሰኑን (የድምፁን ድርብርብ) 7 አደረግሁ፣ ዲቱን (ድርቦቹን ከቅኝት የሚያዛባውን) ነካ አደረግሁና ላዩን በፊልተር ቆረጥኩት። ሄድፎን ላይ አይጠየቅም!

ከዚያ የታክሲ ረዳት ለሆነ ጓደኛዬ ላክሁለት። ሚኒባሱ ውስጥ ሲከፍተው ማሲንቆው ብቻ። ቤዙ የት ገባ? ቤት ውስጥ በስፒከር ስሞክረው ደግሞ አንዱ ኖታ ይጮሃል፣ ሌላው ይጠፋል። አንዳንዴ ያው አንዱ ኖታ ራሱ ሄድ መጣ ይላል። ጂ ላይ ስደርስማ አከራዬ እማማ እኔ ክፍል ያስቀመጡት ቁምሳጥን ውስጥ ሲኒዎቹ ይንጫጫሉ፣ እኔ ግን ወንበሬ ላይ ሆኜ ምንም አልሰማም። ኖታው መኖሩን የማውቀው እማማ ግድግዳውን ሲደበድቡ ነው።

ክፍሏ 3 ሜትር ከግማሽ በ3 ናት። ሲንቱ ነው ችግሩ? ሴረም የሚባለውን ሌላ የሲንት ፕለጊን (ሶፍትዌር) ልግዛ?

ላፕቶፕ አልባው

ምን አለፋህ፣ አንድ 808 ሳምፕል (ከከበሮ ማሽኑ የተቀዳ ቤዝ) ጣል አድርግና ተገላገል።

ሞንታርቦ ተሸካሚ

ልጄ፣ ብርህን አስቀምጥ። ሲንቱ ምንም አላጠፋም። ሲኒዎቹንም አትቆጣ፣ ካንተ ስፒከር ይልቅ እውነቱን የሚነግሩህ እነሱ ናቸው።

ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይሄዳል። የክፍልህን ርዝመት እጥፍ አድርግ፣ 7 ሜትር። 343ን ለ7 ስታካፍል 49 ይመጣል። አንተ የምትመታው ጂ ስንት ሄርዝ (በሰከንድ ስንት ንዝረት) ነው? 49። ክፍልህ ራሷ በጂ ተቃኝታለች! እንዲህ ሲሆን ድምፁ ግድግዳው ሥር ይከማቻል፣ መሐል ላይ ይሞታል። ወንበርህ መሐል ላይ መሆኑን ሳላየው እምላለሁ። ጂን ያዝና ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በእግርህ ሂድ።

ሄድ መጣ የሚለው ግን ያንተ ሥራ ነው። ዩኒሰን ማለት አንዱን ኖታ ትንሽ ትንሽ አዛብቶ መደራረብ ነው። ላይ ላይ ያምራል። እታች ግን 49 ሄርዝና 49 ነጥብ 5 ሄርዝ አብረህ ብትለቅ በየሁለት ሰከንዱ አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ። በሰባት ተባዝቶ አስበው።

ስለዚህ አፍርሰው። አንድ ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ)፣ ሳይን ዌቭ (ንጹሑ ሞገድ)፣ ዩኒሰን 1፣ ሞኖ። የፌዙን (የሞገዱን መነሻ ቦታ) ራንደም ዜሮ አድርገው፤ አለዚያ ሞገዱ በተመታ ቁጥር ከሌላ ቦታ ስለሚነሳ አንዱ ምት ይጠነክራል፣ አንዱ ይልፈሰፈሳል። አታኩን (ድምፁ እስኪነሳ የሚወስደውን ጊዜ) ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ስጠው፣ መነሻው ላይ ቀጭ የምትለዋ ትጠፋለች።

አሁን ታክሲው። የሚኒባስ በር ላይ ያለች ስፒከር 40 ሄርዝ የት ታውቅና! ስልክማ ጭራሽ። ንጹሕ ሳይን ብትልክላቸው የላክህላቸው ዝምታ ነው። ሳይኑ ላይ ቅምስ ያህል ዲስቶርሽን (ማሻከሪያ) ጨምር። ያኔ እንደ ዲስቶርሽኑ ዓይነት ከ49 በላይ 98፣ 147፣ 196 እያለ ልጆች ይወልዳል። ጆሮ ደግሞ ጉደኛ ነው፣ ልጆቹን ከሰማ አባትየውን ከራሱ ይሞላዋል። ረዳቱ የሌለውን ቤዝ ሰማሁ ይልሃል።

ሌላው፣ የአንተ ሲ 32 ነጥብ 7 ሄርዝ ነው፣ ዲ ደግሞ 36 ነጥብ 7። እኔ 22 ዓመት የሠርግ ሞንታርቦ ተሸክሜአለሁ፤ የእኛ ስፒከሮች ከ40 በታች የኮን መርገፍገፍ እንጂ ድምፅ አይሰጡም። ማሲንቆው ባይቀዳ ኖሮ ዘፈኑን ወደ ኤፍ አንሳው እልህ ነበር። አሁን ሁለቱን ብቻ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጋቸው፣ 65 እና 73 ይሆናሉ። ኢ በ41፣ ጂ በ49፣ ኤ በ55 ባሉበት ይቆዩ። የቤዙ መስመር ትንሽ ይዘላል፣ ማንም ልብ አይለውም።

ለሰው ስታወራ በሄርዝ አውራ። ከሙዚቃ ሶፍትዌሮቹ መሐለኛውን ሲ ኤፍኤል ስቱዲዮ ሲ5 ይለዋል፣ ኤብልተን ሲ3 ይለዋል። በዚህች የተነሳ ከአንድ ልጅ ጋር ሙሉ ቀን ተጨቃጭቄአለሁ፣ ሁለታችንም ልክ ነበርን።

ላፕቶፕ አልባው፣ 808 እኮ የ1980 (እ.ኤ.አ.) የከበሮ ማሽን ነው፣ ኪኩም (የእግር ከበሮ ምቱ) እየሞተ ከሚሄድ ሳይን ብዙ አይርቅም። ሳምፕሉ በምን ኖታ እንደተቃኘ ሳታውቅ ጣል ካደረግኸው ከማሲንቆው ጋር ይጣላል።

ማታ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ ጨርሰውታል። አንድ ልጨምር። እኔም አፓርትመንት ውስጥ ማታ ዝቅ አድርጌ ነው የምሠራው። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ መጀመሪያ የሚጥለው ቤዙን ነው። አነሰ ብለህ ትጨምራለህ፣ ጠዋት ከፍ አድርገህ ስትከፍተው ጭቃ ሆኖ ይጠብቅሃል። ማታ ቤዙን በስፔክትረም (የድምፁን ሄርዝ በሚያሳየው ሥዕል) እያየህ ሥራ፣ መጠኑን ቀን ላይ ወስን። ኪኩ ሲመታ ደግሞ ሰብ ቤዙን በሳይድቼይን ዝቅ አድርገው፣ ሁለቱ አንድ በር ላይ አይጋፉ።

የገርጂው ቢት ሠሪ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ጂን ይዤ ተራመድኩ። አልጋዬ ጋ፣ መሐል ላይ፣ የለም። ቁምሳጥኑ ጋ ስደርስ ደረቴን መታኝ! ሁለት ወር ሙሉ የሌለ ቤዝ ስጨምር ከርሜአለሁ ማለት ነው። ወንበሬን ወደ አንዱ ግድግዳ ጠጋ አደረግሁ፣ ሰባቱን ዩኒሰን ጣልኩ፣ ሲንና ዲን አነሳሁ። ዛሬ ረዳቱ ከፍቶት «ስፒከሬን ልታፈነዳብኝ ነው እንዴ?» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚህ የተሞገስኩበት ቀን የለም።

እማማ ግን ጂ ላይ አሁንም ያንኳኳሉ። ለእሱስ ፕለጊን አለው?

ሞንታርቦ ተሸካሚ

ሲኒዎቹ ሥር ፎጣ አንጥፍ።