ለ8 ወር ሕፃን ቀሚስና ሮምፐር ልሰፋ ነው፣ አንገቱንና እግሩን እንዴት ላድርገው?

ጠያቂ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ
ሰላም ለናንተ እናቶችና ልብስ ሰፊዎች። ለእህቴ ልጅ ሁለት ልብስ ልሰፋላት ነው፣ አንዱ ለዒድ የምትለብሰው የሀበሻ ቀሚስ፣ ሌላው እቤት የምትውልበት ሮምፐር፣ ማለት ላይና ታቹ አንድ ላይ የሆነ የሕፃን ልብስ። 8 ወሯ ነው፣ መዳህ ጀምራለች። ከሱቅ የተገዛላት ቀሚስ ጭንቅላቷ ላይ እየተያዘ ባለበሷት ቁጥር ታለቅሳለች። ሮምፐሩ ደግሞ ዳይፐር ሲደረግላት እግሯ መሀል ይወጥራታል። የጭንቅላቷ ዙሪያ 45፣ ደረቷ 46 ሳንቲም ነው። ያለኝ የእናቴ የእግር ሲንጀር ነው፣ ቀጥታ ብቻ ነው የሚሰፋው፣ የጨርቅ ጫፍ እንዳይተረተር የሚሰፋው ኦቨርሎክ መኪና የለኝም። ለቀሚሱ ጥለት ያለው ፈትል አለኝ። ለሮምፐሩ እንደ ቲሸርት የሚሳብ ጨርቅ ልገዛ አስቤ ነበር። ጨርቁን ሳልቆርጥ ንገሩኝ በአላህ።

የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ
እታለም፣ ከአንገቱ እንጀምር። ሕፃን ልጅ አንገቷ ቀጭን፣ ጭንቅላቷ ትልቅ ነው። ስለዚህ አንገቱን በአንገቷ ልክ ብቻ ከቆረጥሽው አይገባም፣ በጭንቅላቷ ልክ ከቆረጥሽው ደግሞ ትከሻዋ ላይ ይወርድና ብርድ ይገባታል። መላው መክፈቻ መተው ነው። አንገቱን ዙሪያውን 28 ሳንቲም አድርጊውና ከኋላ ወደ ታች 10 ሳንቲም ሰንጥቂው። የስንጥቁ ሁለት ጎን 20 ይጨምራል፣ አንድ ላይ 48 ይሆናል። ለ45 ጭንቅላት ይበቃል። የስፌት ትርፉን፣ ማለት ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ጫፍ የሚቀረውን፣ ግን አትርሺ፣ 28 ያልኩሽ ተሰፍቶ ሲያልቅ ነው። ዙሪያውን ስትገብሪው ትርፉን በመቀስ ጫፍ ጫፉን ነካ ነካ አድርጊው፣ ክሩን ሳትነኪ። እንደዚያ ካልሆነ ሲገለበጥ ይኮማተራል።

የሁለት ሴቶች እናት፣ ሐይቅ
ከላይ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ግን ቁልፉ ከኋላ መሆኑን አልወደውም። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ በጀርባቸው ነው የሚተኙት፣ ቁልፉ ይቆረቁራቸዋል። ትከሻ ላይ ክፈችው፣ በተለይ ለሮምፐሩ። ሁለቱንም ትከሻ ከከፈትሽ ጭራሽ በጭንቅላት ማውረድ ሳያስፈልግ ከእግር ወደ ላይ ማልበስ ይቻላል። ቁልፉ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ክሩን ደጋግመሽ አጥብቂው፣ ልጆች ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ነው የሚከቱት። አንገት ላይ የሚታሰር ክር ወይም ሪባን እባክሽ አታድርጊ፣ የፈለገ ቢያምርም። የሆነ ነገር ላይ ከተያዘ ያንቃል።

የቀሚሱን ርዝመትም አስቢበት። የምትድህ ልጅ ረጅም ቀሚስ ከለበሰች ጉልበቷ ስር እየገባ ትደፋለች። ከጉልበት ከፍ ይበል። እጥፋቱን ግን ከታች 5 ሳንቲም ያህል ተዪለት፣ ስታድግ ይፈታላታል፣ ለሚቀጥለው ዒድም ይደርሳል ኢንሻአላህ።

የሸማኔ ልጅ፣ ወረኢሉ
ፈትሉን በተመለከተ እኔ ልናገር፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ጨርቅ የሚያበላሸው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊውና ጥላ ውስጥ አድርቂው። ጥጥ ውሃ ሲነካው ይገባል፣ ከተሰፋ በኋላ ከሚገባ ሳይቆረጥ ይግባ። ከዚያ በፊት ግን ጥለቱን በረጠበ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርገሽ ፈትኚው። ቀለም ከለቀቀ አትዘፍዝፊው፣ ቀለሙ ወደ ነጩ ይሄዳል።

የእጅ ሥራ ፈትል ጫፉ ይተረተራል። ስለዚህ ትርፉን ሰፋ አድርገሽ፣ 2 ሳንቲም ያህል ትተሽ ቁረጪ። ኦቨርሎክ ስለሌለሽ ስፌቱን ውስጥ ቅበሪው። መጀመሪያ የጨርቁን ጀርባና ጀርባ አገናኝተሽ በፊቱ በኩል ስፊው፣ ትርፉን ወደ ግማሽ ሳንቲም አሳጥሪው፣ ገልብጪና ፊትና ፊቱን አገናኝተሽ ከጫፉ ወደ 1 ሳንቲም ገባ ብለሽ ድገሚው። የሚተረተረው ጫፍ መሀል ተቀብሮ ይቀራል፣ ልጅቷንም አይፍቃትም። ቀጥታ ለምትሰፋ መኪና ከዚህ የሚሻል የለም።

ጥለቱን ከታች በኩል ሳትቆርጪው ሙሉውን ተጠቀሚበት። ደረት ላይም ካደረግሽ በገበር ሸፍኚው። የሚያብለጨልጭ ክር ያለው ጥለት ጀርባው ሸካራ ነው፣ የሕፃን ቆዳ ያሳክካል። ለገበር ስስ አቡጀዲ ወይም ብዙ የታጠበ የጥጥ አንሶላ ጥሩ ነው፣ ፖሊስተር ግን ያልባታል።

የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ
ሽብሽቡን ልጨምርልሽ። ደረቷ 46 ከሆነ የላይኛው ክፍል ተሰፍቶ 52 ይሁን፣ እንድትንቀሳቀስበት። ከታች የሚሸበሸበው ለፈትል አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃል፣ ወደ 78 ሳንቲም። ፈትል ወፍራም ስለሆነ ሁለት እጥፍ ከተሸበሸበ ወገቧ ላይ ይከመራል። ስስ ፖፕሊን ቢሆን ሁለት እጥፍ ያምርበታል። ስፌቱን ረጅም አድርገሽ ሁለት መስመር ጎን ለጎን ስፊ፣ ከዚያ ከስር ያለውን ክር ቀስ እያልሽ ሳቢው። በአንድ መስመር ብቻ ከሆነ ክሩ ሲበጠስ ልፋትሽ ሁሉ ገደል ይገባል።

የሚሳበውን ጨርቅ ግን ተዪው። ቀጥታ ስፌት አይለጠጥም፣ ልጅቷ እግሯን ስትዘረጋ ክሩ ጧ ይላል።

ጀማሪ ሰፊ፣ ወልድያ
እኔ ደግሞ ይቻላል ባይ ነኝ። ጫፏ ክብ የሆነች ለሹራብና ለቲሸርት ጨርቅ የምትሸጥ መርፌ አለች፣ ቁጥር 11 ግዢ። የፖሊስተር ክር ተጠቀሚ፣ ስፌቱን አጭር አድርጊ፣ ስትሰፊም ጨርቁን ከፊትና ከኋላ በትንሹ ወጠር አድርገሽ ያዥው። የቤት ልብስ ነው፣ ይይዛል።

የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ
ጎኑ ላይ ይይዝ ይሆናል። እግር መሀልና አንገት ላይ ግን አያስተማምንም። ለመጀመሪያ ሮምፐር የማይሳብ ስስ ጥጥ ይሻላታል፣ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥ።

ጠያቂ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ
ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ለሮምፐሩ ጥጥ ፖፕሊን ይሁን ብያለሁ፣ መክፈቻውም ትከሻ ላይ። እግር መሀሉን ግን ማንም አልነገረኝም፣ እሱን እንዴት ልለካው? ላስቲኩስ ምን ያህል ይሁን? ደግሞ የደሴ ብርድ አለ፣ እጅጌ የሌለው ያዋጣል?

የሁለት ሴቶች እናት፣ ሐይቅ
ዳይፐሯን እንዳደረገች ለኪያት፣ ዋናው እሱ ነው። ሜትሩን ከትከሻዋ አስነሺና በሆዷ፣ በእግሯ መሀል፣ በጀርባዋ አዙረሽ እዚያው ትከሻዋ ላይ መልሺው። ባገኘሽው ላይ ለማይሳብ ጨርቅ 8 ሳንቲም ጨምሪ፣ የስፌት ትርፉ ከዚህ ውጭ ነው። የሱቁ የሚወጥራት ይህ ልክ አጥሮ ነው፣ ጎኑን ብታሰፊው ምንም አይለውጥም።

እግር መሀሉን ሙሉ በሙሉ አትስፊው። ተጭኖ የሚዘጋ ቁልፍ አድርጊበት፣ ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ሙሉ ልብስ እንዳይወልቅ። ቁልፉ የሚያርፍበት ላይ ጨርቁን ደርቢው፣ ነጠላ ከሆነ ሲላቀቅ ይቀደዳል። ላስቲኩን በጭኗ ዙሪያ ለኪና ሳይወጠር ልክ የጭኗን ያህል ቁረጪው፣ ለስፌቱ ብቻ 2 ሳንቲም ጨምሪ። ሰውነቷ ላይ መስመር ካወጣ ጠብቋል ማለት ነው፣ ወዲያው ፍቺው።

ስለ ብርዱ፣ እጅጌ አልባ አድርጊውና ከስር ሹራብ ይለበስ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትሄዱ ሹራቡን ታወልቁላታላችሁ። ለዚህ ግን የክንድ ማስገቢያውን ከስር 2 ሳንቲም ዝቅ አድርጊው፣ ሹራብ ሲደረብ እንዳይጨንቃት።