“ገና ነው፣ አፉን ይፈታል” የምንለው እስከ መቼ ነው?

የልጁ እናት፦
ለክርክር የማቀርበው ይሄ ነው። ሁሉም ልጅ 2 ዓመት ተኩል ሲሞላው፣ ወላጁ ሰጋም አልሰጋም፣ አነጋገሩና የሚባለውን መረዳቱ ይታይ? ወይስ ያሳሰበው ወላጅ ብቻ ልጁን ይውሰድ? እኔ ሁሉም ይታይ ባይ ነኝ። ልጄ በ2 ዓመቱ አምስት ቃል እንኳ አልነበረውም። “ወንድ ልጅ ይዘገያል” ተባልኩ። “አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው” ተባልኩ። ለክትባት ስወስደው ጠየቅኩ፣ እዚያም “ጠብቂ” አሉኝ። ጠበቅኩ። ልጁ ግን ራሱ እየነገረኝ ነበር። ሳወራው አገጬን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴን ወደ እሱ ያዞረዋል። ፍቅር መስሎኝ እስመው ነበር። ለካ ከንፈሬን ሊያይ ነው። ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ መጠራቀሙ የታወቀው 3 ዓመት ተኩል ሲሆነው ነው። አያመውም፣ አያተኩሰውም፣ ድምፅ ግን የሚደርሰው ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ታፍኖ ነው።

የሦስት ልጆች አባት፦
እህቴ፣ ከልቤ አዝናለሁ። ግን ካንቺ ልጅ ተነስቶ ሁሉም ይመርመር ማለት አይዋጥልኝም። ሁለተኛዋ ልጄ በ2 ዓመቷ ስድስት ቃል ብቻ ነበራት። 3 ሳይሞላት ወሬዋ ቤቱን ሞላው። ሌላ ችግር ሳይኖርባቸው ከሚዘገዩት ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እኩዮቻቸውን ይደርሳሉ። ያኔ አንድ ሰው “ችግር አለባት” ብሎ ቢጽፍባት ስንት ሌሊት እንቅልፍ እናጣ ነበር? ይሄ የኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በቅድመ መከላከል ሕክምና ላይ ምክር የሚሰጠው የባለሙያዎች ግብረ ኃይል በ2024 ምልክት የሌላቸውን 5 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ሁሉ መመርመር ይጥቀም ይጉዳ ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። በ2015ም ያለው ይሄንኑ ነው።

ስፒች ቴራፒስት (የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ)፦
ወንድሜ፣ የጠቀስከው ልክ ነው፣ ግን በቂ ማስረጃ የለም ማለት አይጠቅምም ማለት አይደለም። የሚያወራውም ማንም ስላልሰጋላቸው ልጆች ነው። እናት “የሆነ ነገር ልክ አይደለም” ካለች ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ያኔ “ጠብቂ” ብሎ መመለስ ተገቢ አይደለም። ያንተና የእሷ ልጅ በቃል ብዛት ብዙም አይለያዩም። ልጅህ ግን ከኋላዋ ስትጠራት ትዞር ነበር? የምትፈልገውን በጣቷ ትጠቁም ነበር? ጫማውን ሳታሳያት “ጫማሽን አምጪ” ስትላት ታመጣ ነበር? እንዲህ የሚረዳና የሚጠቁም ልጅ የመድረስ ዕድሉ ሰፊ ነው። የማይረዳውን ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ይናገረው የነበረውን ቃል የተወ ልጅ ደግሞ ዕድሜው ምንም ይሁን ቶሎ መታየት አለበት። የሁሉም መጀመሪያ የመስማት ምርመራ ነው። ሲወለድ ተመርምሮ አልፏል ማለት አይበቃም፣ ፈሳሹ በኋላ ነው የሚመጣው።

የአፀደ ሕፃናት መምህርት፦
እናንተ የምትከራከሩት ስለማይናገረው ልጅ ነው። የእሱ ችግር ቢያንስ በግልጽ ይታያል። እኔን የሚያሳዝነኝ እየተናገረ የማይረዳው ነው። ክፍሌ ውስጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። “ቦርሳችሁን ስቀሉና እጃችሁን ታጥባችሁ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ” ስል ይቆማል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ከዚያ አጠገቡ ያለችው ልጅ ያደረገችውን ያደርጋል። እሷ የቀረች ቀን ክፍሉ መሃል ቆሞ ቀረ። አንድ ዓመት ሙሉ ለእናቱ “አይታዘዝም” እያልኩ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናቱም አልሰጋችም፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ በአጭር በአጭሩና በእጅ ምልክት ይግባባሉ። እንዲህ ያለውን ልጅ ሁሉም ካልታየ ማን ያገኘዋል?

ስፒች ቴራፒስት፦
መምህርት፣ ያየሽው የቋንቋ እድገት መታወክ የሚባለው፣ ልጁ ቋንቋ ለመረዳት ወይም ለመናገር የሚቸገርበት ሁኔታ ሳይሆን አይቀርም። ከ100 ልጆች 7 ገደማ ላይ ይታያል፣ 30 ልጅ ባለበት ክፍል ሁለት ማለት ነው። ከስንፍና ወይም ከአስተዳደግ የመጣ አይደለም። ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ስለማያውቀው ልጁ ባለጌ ወይም ደካማ ተብሎ ያድጋል።

ወረፋ ላይ ያለ አጎት፦
እሺ፣ ሁሉም ይታይ። ከታየ በኋላስ? የእህቴ ልጅ ከታየ ዘጠኝ ወሩ ነው። ስም ተሰጠው፣ እርዳታ አልተሰጠውም። መጀመሪያ ባለሙያ ይብዛ።

የልጁ እናት፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ወረፋው ረዘመ ብለን ልጆቹን አንፈልግ? ስንት ልጅ እንዳለ ካልታወቀ ባለሙያ ይቀጠር ብትል የሚሰማህ የለም። ደግሞ እስኪደርሰን ድረስ እጃችን ታስሮ አይቀመጥም። እኔ ልጄን “በል! መኪና በል!” እያልኩ አስጨንቀው ነበር። ባሰበት፣ አፉን ዘጋ። በኋላ የተማርኩት መሬት ላይ አብሬው ቁጭ ማለትን ነው። እሱ የያዘውን አያለሁ። ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፣ መጀመሪያ ላይ ዝምታው በጣም ይከብዳል። “ማኪና” ካለ “አዎ፣ መኪና! መኪናው ሄደ” እላለሁ እንጂ “እንዲህ አይባልም” አልልም። ይሄ ቴራፒውን አይተካም። ግን ዘጠኝ ወር ብዙ ነው።

አክስት፦
እኛ ቤት ሁለት ቋንቋ ይነገራል። “አንዱን ተዉት፣ ልጁን እያምታታችሁት ነው” ተብለን ከአያቱ ጋር ማውራት ተወ። ልክ ነበር?

ስፒች ቴራፒስት፦
አልነበረም። ሁለት ቋንቋ የቋንቋ መታወክ አያመጣም። ቃላቱም በሁለቱም ቋንቋ ተደምረው ነው የሚቆጠሩት። አያቱ በራሳቸው ቋንቋ ያውሩት።

የሦስት ልጆች አባት፦
የመምህርቷ ልጅ ነገር አሳስቦኛል፣ አልዋሽም። በ2 ዓመት ተኩል የሁሉንም ልጅ ስም ፋይል ላይ ማስፈር ግን አሁንም አልቀበልም። ጆሮው ይታይ፣ መምህራን ይሠልጥኑ፣ ወላጅ ሲሰጋ ደግሞ በዚያው ቀን ይስተናገድ፣ እዚህ ድረስ አብሬያችሁ ነኝ። የመጨረሻዋ ልጄ 20 ወሯ ነው። ዛሬ ማታ ከኋላዋ ቆሜ በሹክሹክታ እጠራታለሁ።

ስፒች ቴራፒስት፦
ጥራት። ብትዞርም ግን በዚያ ብቻ አትርካ፣ ጥላህን አይታ ይሆናል፣ ወይም አንዱ ጆሮዋ ብቻ እየሰማ ይሆናል። በመሣሪያ ትታይልህ።