የድሮ ፒያኒስቶች ሁለት እጃቸው ለምን አብሮ አያርፍም?

ሚቤሞል፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሾፓንን ኖክተርን (ረጋ ያለ የፒያኖ ሙዚቃ ነው)፣ ኦፐስ 9 ቁጥር 2ን እያጠናሁ ነው። ሰሞኑን ፒያኒስቱ ራውል ኮቻልስኪ በ1938 (በፈረንጆች) የቀረጸውን ዩቲዩብ ላይ አገኘሁት። ግራ እጁ ባሱን ይመታል፣ ዜማው ትንሽ ቆይቶ ይከተላል። የእኔ ኖታ ላይ የሌሉ ጌጦችም (ዜማውን የሚያስውቡ ተጨማሪ ድምፆች) አሉበት። መጀመሪያ አሳቀኝ፣ ከዚያ ደጋግሜ መስማት ጀመርኩ። እንደሱ ሞክሬ ለአስተማሪዬ ስጫወትለት «እጆችሽን አስማሚ» ብሎ ምት ጠባቂውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖሙን ከፈተው። ይሄ ነገር ዝርክርክነት ነው ወይስ የምንማርበት አለው? ፈተናዬ ደርሷል።

ጥቁር ቁልፍ፦
ፈተና ካለሽ አስተማሪሽን ስሚ። ማርክ የሚሰጥሽ ኮቻልስኪ አይደለም 😄

አሮጌው ፔዳል፦
ዝርክርክነት አይደለም፣ ልጄ። በዚያ ዘመን የተለመደ አጨዋወት ነበር። የዘመኑን ፒያኒስት ፓዴሬቭስኪን ስሚው። በ1906 በወረቀት ጥቅልል (ቀዳዳዎቹ ፒያኖውን በራሱ የሚያጫውቱት ወረቀት ነው) የተቀረጸውን ሌሼቲትስኪንም ስሚው። የኮቻልስኪን ለየት የሚያደርገው የካሮል ሚኩሊ ተማሪ መሆኑ ነው። ሚኩሊ ደግሞ ፓሪስ ላይ ከራሱ ከሾፓን ተምሯል። ግን የዘር ሐረግ ብቻውን አያሳምነኝም። ሾፓን የሞተው በ1849 ነው። እስከ 1938 ድረስ ስንት ነገር ተለውጧል።

እኔን የሚያሳምነኝ የሾፓን ተማሪዎች የተናገሩት ነው፦ ግራ እጅ ጊዜውን አይለቅም፣ ቀኙ ግን ነፃ ነው። ክራር መቺው ምቱን ይዞ ዘፋኟ ቃሉን እንደምታጓትተው ማለት ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን ሩባቶ (ጊዜውን እንደ ስሜት ማዘግየትና ማፍጠን) ስንል ሁለቱንም እጅ አብረን እናዘገያለን።

ስለዚህ ኮቻልስኪን ኮፒ አታድርጊ። መጀመሪያ ግራ እጅሽን ብቻውን በሜትሮኖም ተጫወቺ፤ ባሱና ሁለቱ ኮርዶች ሳይደናቀፉ እስኪሄዱ። ከዚያ ዜማውን ድምፅሽን አውጥተሽ እየዘፈንሽ በግራ እጅሽ አጅቢው። የቱ ኖታ ላይ መዘግየት እንደምትፈልጊ ጉሮሮሽ ይነግርሻል። እሱ ላይ ብቻ አዘግዪ። በየምቱ ካደረግሽው ቶሎ ይሰለቻል። እውነቱን ለመናገር፣ ፓዴሬቭስኪም አንዳንዴ ይሰለቸኛል።

ደግሞ ፍጥነቱን እንደ ሕግ አትውሰጂው፤ ትልቁ ሸክላ በአንድ ገጹ ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ነበር የሚይዘው፣ እንዲበቃቸው ፈጥነው ሊሆን ይችላል። ጥቅልል ከሆነ፣ ጣት መቼ እንዳረፈ ይነግርሻል፤ የድምፁን ጉልበት ግን በሱ አትፍረጂ።

ተነሽ ሊድ፦
ጋሼ፣ ታዲያ ኖታው ላይ የሌለ ነገር ማድረግ ይቻላል ማለት ነው? ራክማኒኖቭ በ1930 የሾፓንን ሁለተኛ ሶናታ ሲቀርጽ፣ በውስጡ ያለው የቀብር ማርሽ (የቀብር ሰልፍ ሙዚቃ) ከመካከለኛው ክፍል በኋላ ሲመለስ እንደ ነጎድጓድ ነው። ኖታው በለሆሳስ እያለ!

አሮጌው ፔዳል፦
ለራክማኒኖቭ ይቻላል። እሱ ሰልፉ ቀርቦ ቀስ በቀስ ሲርቅ ያሰማሻል፣ አንድ የጨረሰው ሐሳብ አለው። ሐሳቡን ሳትይዢ ጩኸቱን ብቻ ብትወስጂ ያስታውቅብሻል።

የደራሲው የራሱ ቅጂ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ደቡሲ «የሰመጠችው ካቴድራል» የተባለውን የፒያኖ ድርሰቱን ራሱ በጥቅልል ቀርጾታል። ሰፊ ክፍሎቹን ኖታው ከሚያሳየው በእጥፍ ፍጥነት ይሄድባቸዋል። መጀመሪያ የታተመው ኖታ ላይ ይህ አልተጻፈም። ኖታውን ብቻ ያየ ሰው እነዚያን ገጾች በግማሽ ፍጥነት ይጎትታቸዋል። እኔ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ቀርፋፋውን አጨዋወት መታገስ አልቻልኩም፤ ታላላቅ ስሞችም ቢሆኑ።

ሚቤሞል፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ጌጦቹስ? ኮቻልስኪ ከራሱ የጨመራቸው ናቸው?

አሮጌው ፔዳል፦
ሾፓን ለዚህ ኖክተርን ተማሪዎቹ ኖታ ላይ በእጁ ጌጦች ይጽፍላቸው ነበር። ፖላንዳዊው ፒያኒስት ያን ኤኪየር ባዘጋጀው የሾፓን ሥራዎች የፖላንድ ብሔራዊ እትም ውስጥ ታገኛቸዋለሽ። አንዱን መርጠሽ ከነገጹ ለአስተማሪሽ አሳዪው። ሳታስፈቅጂ ግን ፈተና ላይ እንዳትጨምሪ።