የሸክላ ውሃ ማጣሪያ እንዲህ መንቀርፈፉ ጤነኛ ነው?

ጥም_ባቱ፦
ሰላም ቤቶች። ባልዲ ውስጥ የሚቀመጥ የሸክላ ማሰሮ ያለው ማጣሪያ ገዛን። ማታ የሞላነው ውሃ ጠዋትም ወርዶ አያልቅም። የባለቤቴ ወንድም "ውስጡን በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ ይፈጥናል" ይላል። እኔ ደግሞ ያልገባኝ፣ እንስራም ሸክላ ነው፣ ታዲያ ይሄኛው ምን ስላለው ነው የሚያጣራው? ሌላው፣ ውሃችን የጉድጓድ ነው፤ ባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ውሃው ውስጥ በዝቶ ጥርስ ያበልዛል ሲባል ታውቃላችሁ። እሱንስ ያስቀርልናል?

ሰጋቱራ፦
ኧረ ቢላውን መልሱት! ማሰሮው ሙሉ ሆኖ በሰዓት ከ1 እስከ 3 ሊትር ካወረደ ደህና ነው። ውሃው ሲጎድል ከላይ የሚጫነው ስለሚቀንስ ይበልጥ ይዘገያል፣ ስለዚህ ሳይጎድል ቶሎ ቶሎ ሙሉት።

ከእንስራ የሚለየው ጭቃው ውስጥ በሚገባው ነገር ነው። የሸክላው አፈር ይፈጭና ይነፋል፣ ከዚያ ከተነፋ ሰጋቱራ ጋር ይለወሳል፣ ካምቦዲያ ያሉት ደግሞ በሰጋቱራው ፋንታ የሩዝ ገለባ ዱቄት ይጨምሩበታል። ከዚያ በቅርጽ ማውጫ ይጨመቃል። መጭመቂያው ብዙ ቦታ ያው የመኪና ክሪክ ነው። ደርቆ እቶን ገብቶ ሙቀቱ ከ800 ዲግሪ ሲያልፍ ሰጋቱራው ተቃጥሎ ይጠፋል፣ የነበረበት ቦታ ክፍት ይቀራል፣ ውሃው በነዚያ ጠመዝማዛ ቀዳዳዎች እየተሽሎከሎከ ሲወርድ ጭቃው፣ አብዛኛው ባክቴሪያ፣ አሜባና ጃርዲያው ግድግዳው ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ሰጋቱራው ከበዛ ወይ ከሻከረ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ውሃው ይፈጥናል፣ ጀርሙም አብሮ ያልፋል። ደህና አምራች እያንዳንዱን ማሰሮ ውሃ ሞልቶ የሚለካው ለዚህ ነው፣ ከመጠን በላይ የፈጠነውን ይሰብረዋል። በመጨረሻ ባክቴሪያ እንዲገድል ረቂቅ የብር ብናኝ ይቀባል። በቢላ ስትፍቁት እሱንም ትልጡታላችሁ።

ክሪክ_ነኝ፦
ሰጋቱራ ጨርሶታል፣ እኔ ታሪኩን ልጨምር። ይሄን ማሰሮ በ1981 እ.ኤ.አ. የሠራው ፈርናንዶ ማዛሪዬጎስ የሚባል የጓቲማላ ኬሚስት ነው። ሐሳቡ ድሃው በራሱ አፈር፣ በራሱ ሸክላ ሠሪ እንዲያመርተው ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. ሚች የሚባለው አውሎ ነፋስ ኒካራጓን ሲያጥለቀልቅ ሮን ሪቬራ የሚባል ሰው "ፓተርስ ፎር ፒስ" ከተባለው ድርጅት ጋር ሆኖ ማምረቻ አቋቋመ፣ ከዚያ በኋላ አገር ላገር እየዞረ አሠራሩን በነጻ ሲያስተምር ኖረ። እኛ አገር ስንት ጎበዝ ሸክላ ሠሪ እያለ፣ አብዛኛው ጀበናና ምጣድ ላይ መቅረቱ ያናድደኛል።

የሐኪም_ልጅ፦
ስለ ፍሎራይዱ ቁርጡን ልንገርህ ወንድሜ፣ አያስቀርም። ፍሎራይድ ውሃው ውስጥ የሟሟ ስለሆነ በቀዳዳው አብሮ ያልፋል። ማፍላትም አይረዳም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ጉድጓዳችሁን አስለኩት። ከዚያ በላይ ከሆነ ልጆቹን ከከብት አጥንት ከሰል በተሠራ ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ወይም የዝናብ ውሃ አጠጧቸው፣ ጥርሳቸው አንዴ ከበለዘ አይመለስም። ቫይረስም ላይ ሸክላው ደካማ ነው። ተቅማጥ በገባ ሰሞን የተጣራውን ውሃ ክሎሪን ጨምሩበት፣ ማሰሮው ውስጥ ሳይሆን ታች ባልዲው ውስጥ።

ጥም_ባቱ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቢላው ተመልሷል 😂 ስንጥቅ ካለውስ በምን አውቃለሁ?

ሰጋቱራ፦
ባዶውን፣ ደርቆ ሳለ፣ ገበያ ላይ ምጣድ እንደምትመርጥ አንኳኳው። ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ጤነኛ ነው፤ ድፍን ድምፅ ካሰማ ተሰንጥቋል። ድንገት መፍጠን ከጀመረም ጠርጥር። በጣም ሲዘገይ በለስላሳ ብሩሽና በተጣራ ውሃ እሸው፣ ሳሙና እንዳትነካው። ድፍርስ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ አጥልሉት። ታችኛውን ባልዲና ቧንቧውን ግን በሳሙና እጠቡ፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳና የተጣራውን መልሶ ያቆሽሻል።