የቮልስ ሻንሲ አሳጠርኩ፣ ማርሹ ግን እምቢ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከጅማ ፈረንጅ አራዳ ነው የምጽፈው። አባቴ የድሮዋን ክፍት የስፖርት መኪና፣ የፖርሽ 356 ስፒድስተርን መልክ የያዘ የፋይበር ግላስ ቦዲ ትቶልኝ አረፈ። ሊገጣጥመው ሲመኝ ኖሮ ሳይሳካለት ቀረ። እኔ ልጨርስለት ቃል ገብቻለሁ።

ቦዲው የሚቀመጠው በቮልስ ሻንሲ ላይ ነው። የቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2400 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ356ቱ ግን 2100። ስለዚህ ወለሉን ቆርጠን በየድነው። ብየዳው ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ በጣም ደስ ብሎኛል።

የተያዝኩት በወለሉ መሃል በሚያልፈው ቦይ ውስጥ ነው። በቦይው የሚያልፈውን የማርሽ ዘንግ፣ ማለትም የማርሹን እጀታ ከኋላ ካለው ካምቢዮ ጋር የሚያገናኘውን ብረት፣ በተቆረጠው ልክ አሳጠርኩት። 1ኛና 3ኛ ይገባሉ። 2ኛና 4ኛ ግን ጫፍ ደርሰው ይመለሳሉ። ሲበየድ ዞሮብኝ ይሆን ብዬ ነበር። ግን ቢዞር ኖሮ 1ኛም አብሮ ያስቸግር ነበር። አሁን የምጠረጥረው ርዝመቱን ነው።

ዘንጉን እንደገና ልቁረጠው ወይስ የማርሹን እጀታ መቀመጫ ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተትኩ ላስተካክል? የፍሪሲዮኑ ካቦም ረዝሞብኛል። ቆርጬ ጫፉን ባስረው ይይዛል? የጅማን ዳገት ሳስብ እፈራለሁ።

ቮልስ አሳጥራችሁ የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። ጅማ ያላችሁ ደግሞ ቤት ብቅ በሉ፣ ቡና አፈላለሁ።